ኦዴሊያ ሳታስበው ገማች የሆነችበት ዓመት

ኦዴሊያ ጊድሪ በሕይወቷ ፈተና የሚባል ነገር ፈልጋ አታውቅም። ዕድሜዋን ያሳለፈችው ፔቲ ማሬ ወደብ ዳር፣ ለዓሣ አጥማጆች በረዶና የመንጠቆ ምግብ በሚሸጥበት አንድ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው። ጠዋት ጀልባ የሚያስነሱት ወንዶች «ኦዴሊያ፣ ዛሬ ዓሣው ምን ይበላል?» ሲሏት «አንተ ከምትበላው የተሻለ» ትላቸዋለች፤ ይሳሳቃሉ፤ ቀኑ በዚሁ ይጀመራል። ኮርደል ያሉት አውሎ ነፋስ የመጣ ዓመት ግን ሱቁም ወደቡም ድራሻቸው ጠፋ። የበረዶ ማሽኑ ከስንት ጊዜ በኋላ ሩዝ ማሳ ውስጥ ተጋድሞ ተገኘ፤ አንድ ሽመላ ላዩ ላይ ቆሞ ነበር አሉ።

ባሏ ክሎቪስ ጣራ ሠሪ ነው። ከመሰላል ወድቆ ዳሌው ከተጎዳ ወዲህ ቢሠራም ቀስ እያለ ነው፤ አገሩ ሁሉ ጣራ አልባ ሆኖ በሰማያዊ ሸራ ተሸፍኖ ሲያይ አንጀቱ ያርራል። አንድ ቀን ከገበያ ሲመለስ ፊቱ እንደ ልጅ በርቶ ገባ።

«ኦዴሊያ፣ ሥራ አግኝቻለሁ። መሰላል የለው፣ ፀሐይ የለው!»

«ምን ሥራ?»

«ቤት ሲጎዳ ኢንሹራንሱ የራሱን ገማች ይልካል አይደል? ያ ሰውዬ እንጀራው ከኩባንያው ነው። አሁን እኔ የምሆነው ግን ለባለቤቱ የሚቆመውን ነው። ቤቱን አይቶ፣ ጉዳቱን ገምቶ፣ ከኩባንያው ጋር የሚከራከርለት። የሕዝብ ገማች ይባላል።»

«የሕዝብ ከሆነ ደሞዙ ከመንግሥት ነው?»

«መንግሥት የለበትም።»

«ታዲያ ለምን የሕዝብ አሉት?»

«ስሙን እኔ ነኝ ያወጣሁለት? አትነዝንዢኝ እስቲ!»

ይህ ጥያቄ ግን ከኦዴሊያ ራስ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ከመጡት ጥያቄዎች ሁሉ የመጀመሪያው ስለነበር ይሆናል።

ክሎቪስ ለማንም የማይናገረው አንድ ነገር ነበረው። ጽሑፍ ፊቱ ሲቀርብ ፊደሎቹ ይራወጡበታል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ትምህርት ቤት ሰነፍ አሉት፣ እሱም ሰነፍ ነኝ ብሎ ጣራ ላይ ወጣ፤ አልወረደም። ይህን የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ናት። ስለዚህ ትምህርቱ ሲጀመር «አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ታነቢልኛለሽ» አላት። እሷም ሱቋ ፈርሶ ሥራ ፈታ ነበርና ሄደች።

ትምህርቱ የሚሰጠው በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ነው፤ የዚያም ጣራ ግማሹ ሸራ ስለሆነ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይንጫጫል። መምህሩ ሚስተር አርሴኖ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለኩባንያዎች ሲገምቱ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ጎራ የለወጡ ሽማግሌ ናቸው። ኦዴሊያን አይተው «እርስዎስ ተመዝግበዋል?» አሏት።

«እኔ እንኳ ከሱ ጋር ነኝ።»

«ያልተመዘገበ ሰው አይቀመጥም፣ እመቤቴ።»

ክሎቪስ በሰው ፊት መከራከር አልወደደም። «መዝግቧት!» ብሎ የሷንም ከፈለ። ኦዴሊያ የሕዝብ ገማችነት ተማሪ የሆነችው እንዲህ ነው፤ ወንበር ለማግኘት።

ቤታቸው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ክሎቪስ የባሕር ሽሪምፕ ይልጣል፣ እሷ ታነባለች።

«ጉዳት የደረሰበት ሰው መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ምንድን ነው?»

«ለኔ መደወል።»

«እንዲህ የሚል ምርጫ የለም።»

«መኖር ነበረበት።»

«እሺ ይሄን ስማ። ነፋስ ጣራውን ገንጥሎ ዝናብ ቢያስገባስ?»

«ነፋስ ነው። የቤቱ ኢንሹራንስ ይከፍላል።»

«ባሕሩ ሞልቶ በበር ቢገባ?»

«ጎርፍ ነው። እሱ ሌላ ውል ነው፤ የሌለው ሰው አለቀለት።»

«ሁለቱም ባንድ ቀን ቢመጡ?»

«ማን ቀደመ?»

«መጽሐፉ አይናገርም።»

«ታዲያ በምን ልመልስ? በዚያ ቀን ቁጭ ብሎ ማን ቀደመ እያለ የሚያይ እብድ ማን ነው?»

ኦዴሊያም አታውቅም። እሷን ደግሞ ሌላ ነገር ነበር ግራ የሚያጋባት። መጽሐፉ «ከዚህ በታች ከተዘረዘሩት በስተቀር ሁሉም ይሸፈናል» ይላል፤ ዝቅ ብሎ «ከተዘረዘሩት ውስጥ ከሚከተሉት በስተቀር» ይላል፤ እንደገና ዝቅ ሲል «ይህም በሌላ ቦታ ካልተከለከለ በስተቀር»። ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ወደ ላይ ትመለሳለች፣ ወደ ታች ትወርዳለች። «እና አሁን ይሄ ሰጠ ነው ከለከለ?» ትላለች። ክሎቪስ ሽሪምፑን ይወረውርና «ሰጥቶ ከለከለ» ይላታል።

የፈተናው ቀን ላፋዬት ከተማ ድረስ ነዱ። ክሎቪስ የሠርጉን ከረባት አስሮ ነበር። አሻራቸውን ሰጥተው፣ በየኮምፒውተራቸው ፊት ተለያይተው ተቀመጡ። ኦዴሊያ ጥያቄዎቹን ስታነብ በጆሮዋ የሚሰማት የባሏ ድምፅ ነው፤ «መኖር ነበረበት» እያለ። እሱ ይሆናል ያለውን ትታ የቀረውን ትመርጣለች፤ ሌላ ዘዴ አልነበራትም። ስትጨርስ ማስቲካ የምታኝክ ልጅ ወረቀት አውጥታ ሰጠቻት። አልፈዋል ይላል።

«ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ይሄ የባለቤቴ ይሆናል።»

«ጊድሪ፣ ኦዴሊያ። እርስዎ አይደሉም?»

«ነኝ። ግን የሱ ይሆናል።»

«እመቤቴ፣ እርስዎ አልፈዋል።»

ክሎቪስ ከኋላዋ መጥቶ ቆሞ ነበር። የሱን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከቷል። ኦዴሊያ ከዳሌውና ከከረባቱ ውጭ የምታየው ጠፋት፤ ፊቱን ለማየት ደፍራ ቀና አላለችም። ልጅቷን እንደገና «እስቲ በደንብ እይው» አለቻት።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሩዝ ማሳው በግራም በቀኝም ውሃ ተኝቶበት ሰማዩን ያሳያል። «ተሳስተው ነው» አለች።

«ሁለት ጊዜ ጠየቅሻት እኮ። አንድ ብትጨምሪ ይነጥቁሽ ነበር።»

ነዳጅ ማደያው ጋ አቁሞ ሩዝ የታጨቀበት ትኩስ ቋሊማ ገዛ። ትልቁን ለሷ ሰጣት። የራሱን እንደያዘው ቤት ደረሰ፤ አልበላውም።

በማግስቱ ግን ፀጉር አስተካካዩ ቤት ገብቶ «አለፍን!» አለ። ሰው ሁሉ እጁን ጨበጠው። ማን እንዳለፈ የጠየቀው የለም። ኦዴሊያ ይህን ስትሰማ ትቆጣ ትሳቅ አላወቀችም፤ ቆይታ ቆይታ ደግሞ እውነትም «አለፍን» ይሻላል መሰላት። ፈቃዱ በፖስታ ሲመጣ መስታወት ያስገባውና ግድግዳው ላይ የሰቀለው እሱ ነው፤ ትንሽ ተጣሞ ነበር፤ አላቃናችውም።

የመጀመሪያዋ ደንበኛ ሚስ ቬርዲ ትራሃን ሆኑ። ሰማንያን የተሻገሩ፣ ባል የሞተባቸው የቅርብ ጎረቤት ናቸው። ከኮርደል ወዲህ ቤታቸው አጠገብ በቆመ ተጎታች ቤት ውስጥ ይኖራሉ። የቤት ኢንሹራንስ አላቸው፣ የጎርፍ የላቸውም። ኩባንያው ሰው ልኮ አሳይቶ «ቤቱን ያፈረሰው ጎርፍ ነው» ብሎ ዘግቶባቸዋል። ክሎቪስ ደግሞ ገና ከአውሎ ነፋሱ ሳምንት ሳይሞላው «ጣራዎን የምሠራው እኔ ነኝ» ብሎ ቃል ገብቶላቸው ነበር።

ኦዴሊያ ስንት ጊዜ የገባችበት ቤት ነው፤ ያን ቀን ግን ደብተር ይዛ ስትገባ እጇን የት እንደምታደርግ ጠፋት። ሚስ ቬርዲ ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ለመንግሥት ገባሽ አሉኝ።»

«አይ ሚስ ቬርዲ፣ ለርስዎ ነው የምቆመው።»

«ለኔማ ድሮም ትቆሚ ነበር። አሁን ምን ተጨመረ?»

«ፈቃድ።»

«ጎረቤት ለመሆን ፈቃድ ጀመሩ? ጉድ ነው ዘንድሮ።»

«ይልቅ ያን ቀን የሆነውን ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

«ውሃው ቤቴን በላው።»

«መጀመሪያ የገባው ውሃው ነው?»

«መጀመሪያማ የራሰችው ድመቷ ናት።»

ኦዴሊያ ብዕሯን አቆመች። «ድመቷ የት ነበረች?»

«ቁም ሳጥኑ ላይ። ንግሥት ነኝ ባይ ናት፣ ታች አትተኛም።»

«ወለሉስ? ያኔ ወለሉ ደረቅ ነበር?»

«ድርቅ ያለ! በካልሲ ነበር የምሄደው።»

ኦዴሊያ ጻፈችው። ድመቷ ከላይ ከራሰችና ወለሉ ደረቅ ከነበረ፣ ቀድሞ የሄደው ጣራው ነው ማለት ነው። ሮጣ ቤቷ ሄዳ ለክሎቪስ ነገረችው፤ ጠረጴዛውን መታው። «አለቀ! ጻፊውና ላኪው!»

በነጋታው ለማስፈረም ስትመለስ እንዲያው ለወግ ያህል «ድመቷ ደህና ናት?» አለቻቸው።

«የቷ? ሚኖ? ሚኖማ በአሊና ማግስት ሞተች።»

አሊና ከኮርደል አሥር ዓመት ያህል ቀድሞ የመጣ ሌላ አውሎ ነፋስ ነው። ኦዴሊያ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። «ሚስ ቬርዲ፣ ትናንት የነገሩኝ የአሊናን ነው?»

«የጠየቅሽኝን ነው የነገርኩሽ።»

«በኮርደልስ? በኮርደል ጊዜ ምን አዩ?»

«በኮርደል ቆጡ ላይ ወጥቼ መቁጠሪያዬን እደግም ነበር፤ ዓይኔን ጨፍኜ። ስጸልይ ደሞ ምን አያለሁ?»

ክሎቪስ ይህን ሲሰማ ፊቱ ተኮሳተረ። «ድመቷን ተያት። ጣራው ቀድሟል በይ፤ መንደሩ ሁሉ ያውቃል።»

«ከሳቸው በቀር መንደሩ ሁሉ ሸሽቶ ነበር፣ ክሎቪስ። አንተም እኔም እህቴ ቤት ነበርን።»

«ሸሽተንም ቢሆን እናውቃለን!»

እሷ ግን አታውቅም። የምታውቀው እየመሰላት የምትነቃበት ጠዋት አለ፤ ከቁርስ በኋላ ይጠፋታል። በመጨረሻ ጨነቃትና ለሚስተር አርሴኖ ደወለች። ነገሩን ሁሉ፣ ድመቷንም ሳይቀር ዘረገፈችላቸው።

«ድመት ምስክር አትሆንም፤ የሞተችማ ጭራሽ» አሉ። «አንቺ ቤቱን ጠይቂው።»

«ቤት እንዴት ይጠየቃል?»

«ፈተናውን አልፈሻል አይደል? ለመሆኑ ጣራውን ማን ሊሠራው ነው?»

«ባሌ።»

ሽማግሌው አላስጨረሷትም።

«ኦዴሊያ፣ የባልሽ መዶሻ ያንቺ መዶሻ ነው። ገማች ሆነሽ በገመትሽው ቤት ጥገና ላይ ጥቅም ሊኖርሽ አይችልም። ሕጉ ነው። ወይ አንቺ ትገምቻለሽ፣ ወይ እሱ ይሠራል። ባንድ ጣራ ሥር ሁለታችሁ አትሆኑም።»

ያን ምሽት እራት ላይ ነገረችው። ክሎቪስ ማንኪያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«እስቲ ድገሚልኝ። ፈቃዱን የፈለግኩት እኔ። የከፈልኩት እኔ። ያለፍሽው አንቺ። አሁን ደግሞ ጣራውም ይቀርብኛል?»

«ሚስ ቬርዲ ቤት ብቻ ነው።»

«ነገስ? አንቺ የያዝሽው ቤት ሁሉ አይደለም እንዴ?»

«እኔ ምን ላድርግ? እኔ ላነብልህ ነው የሄድኩት!»

«እሱን ማን ካደ!» ብሎ ተነሳ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ቢያደርግ ይሻላት ነበር። ወጥቶ መኪናው ኋላ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀመጠ። እሷ ሳህኑን ይዛ መጀመሪያ ልትከተለው፣ ቀጥሎ ልትተወው፣ ቀጥሎ ፈቃዱን መልሳ ልትልከው አሰበች። ፈቃድ ወዴት እንደሚመለስ ግን መጽሐፉ አላስተማራትም።

ጠዋት ስትነቃ ክሎቪስ የለም። በመስኮት ስታይ የሚስ ቬርዲ ተጎታች ቤት ደጃፍ ላይ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል። ቀርባ ሰማች።

«ሚስ ቬርዲ፣ ጣራዎን ኖላን ኤቤር ይሠራልዎታል።»

«ኖላን? ያ ሰካራም?»

«ሲሠራ አይጠጣም። ምስማር ሲመታ የሰከረ ይመስላል እንጂ ጣራው ይይዛል።»

«አንተ ቃል ገብተህልኝ አልነበር?»

«ገብቼ ነበር። ኦዴሊያ ደሞ ገብታለች። ሁለታችንን ማግኘት አይችሉም፣ ይምረጡ ተባለ።»

«ከባልና ሚስት መካከል አንዱን ምረጪ? እኔ ምን ቆርጦኝ!»

«ለዚህ ነው እኔው የመረጥኩልዎ» አለና እያነከሰ ሄደ።

ኦዴሊያ ደርሳበት «ለምን እንዲህ አደረግክ?» አለችው። «እኔም አላወቅኩም» አላት። ሌላ መልስ እስከ ዛሬ አላገኘችም።

ከዚያ በኋላ ቤቱን ለመጠየቅ ብቻዋን ገባች። ግድግዳው ላይ ባሕሩ ጥሎት የሄደው የጭቃ መስመር አለ፤ ወገቧ ድረስ። ከበሩ ጀምሮ ክፍሎቹን ሁሉ ዞሮ ይመለሳል። ማን ቀደመ፣ ማን ቀደመ እያለች ስትዞር ደከማትና የሚስ ቬርዲን ቁም ሳጥን ከፈተች። ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ለፋሲካ የሚያደርጓቸው ባርኔጣዎች የካርቶን ሳጥናቸው ተላቁጦ፣ ላባቸው ተጣብቆ፣ ቀለማቸው በግድግዳው ላይ ወርዶ ደርቋል። ከዚያ ወደ ወገቧ አየች። ወደ ባርኔጣዎቹ አየች። ባሕሩ እዚህ ድረስ ብቻ ነው የመጣው። ታዲያ እነዚህን ያራሳቸው ማን ነው?

ቀስ እያለ ገባት። ማን ቀደመ ማን ዘገየ፣ ከመስመሩ በላይ ያለው እርጥበት የባሕሩ ሊሆን አይችልም። ከላይ ነው የመጣው፤ ጣራውን ደግሞ የገነጠለው ነፋስ ነው። ድመቷም ጸሎቱም አያስፈልግም። ይህን ካሰበች በኋላ ግን ወዲያው ፈራች፤ እንዲህ ቀላል ከሆነ ለምን ሌላ ሰው አላየውም? አንድ ያልገባኝ ነገር ይኖራል ብላ ክፍሎቹን እንደገና ዞረች። ያልገባት ነገር አላገኘችም፤ እሱም አላጽናናትም።

የኩባንያው ገማች ተመልሶ መጣ። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ ወጣት ነው። «ጎርፍ ተብሎ ተዘግቷል እኮ» አለ።

«ከመስመሩ በታች ያለውን ለባሕሩ ትቼዋለሁ» አለችው። «ከመስመሩ በላይ ያለውስ? ባሕሩ ዘሎ ነው?»

ወጣቱ ባርኔጣዎቹን አየ፣ ኮርኒሱን አየ። «ይሆናል» አለና ፎቶ አንስቶ ሄደ። ይሆናል ያለው የቱን እንደሆነ ኦዴሊያ አልገባትም። ባሕሩ ይዘላል ማለቱ ይሆን?

ከስንት ጊዜ በኋላ መልሱ መጣ። ጣራው፣ ኮርኒሱ፣ ከመስመሩ በላይ ያለው ግድግዳና ዕቃ ይከፈላል፤ የኮርኒሱ ማራገቢያ አይከፈልም፤ የወጥ ቤቱ ወለል ግን ይከፈላል። ወለል! ኦዴሊያ ደጋግማ አነበበችው። ማራገቢያውን ረስታችኋል፣ ወለሉንም ተሳስታችሁ እንዳይሆን ብላ ጻፈች። ማራገቢያውን ጨመሩላት፤ ስለ ወለሉ «ትክክል ነው» አሏት። ለሚስተር አርሴኖ ብታሳያቸው መነጽራቸውን አውልቀው አነበቡ፣ አድርገው አነበቡ፣ «እኔም አልገባኝም» አሉ።

«የመስመሩን ነገር ግን እንዴት አገኘሽው?»

«ባርኔጣዎቹን ሳይ መጣልኝ።»

ሽማግሌው ሳቁ። «ራሴ ነኝ ያስተማርኩሽ። ፈተናው ላይም ነበር። በትክክል ባትመልሺው መች ታልፊ ነበር?»

ኦዴሊያ ለማስታወስ ሞከረች። ሸራው ሲንጫጫ ታስታውሳለች፣ ክሎቪስ ሲያዛጋ ታስታውሳለች። መስመር የሚል ነገር ፈጽሞ አታስታውስም።

ኖላን ጣራውን ሠራ። ሚስ ቬርዲ ቡናማ ብለውት አረንጓዴ አደረገው። ክሎቪስ በየቀኑ መንገዱ ማዶ እየቆመ፣ እጁን ኪሱ ከቶ፣ «ያንን ምስማር አጥብቀው! ኧረ አጥብቀው አንተ ሰው!» እያለ ይጮኻል፤ መዶሻ ግን አልነካም። ሚስ ቬርዲ ቤታቸው የገቡ ዕለት አረንጓዴውን አሻቅበው አይተው «እግዜር ከላይ ሲያየው ሣር ይመስለዋል፤ ሁለተኛ አያፈርሰውም» አሉ።

ክሎቪስ ፈተናውን እንደገና ወሰደ። ኦዴሊያ ጥያቄውን የሚያነብለት ሰው መጠየቅ እንደሚችል ሰምታ ነገረችው፤ «ባዕድ ሰው ያንብብልኝ?» ብሎ እምቢ አለ። ከፊተኛው የባሰ ውጤት ይዞ ወጣ፤ መኪናው ውስጥ ገብቶ ግን መሳቅ ጀመረ፤ እሷም ለምን እንደምትስቅ ሳታውቅ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ አንድ ቤት ሲመጣ «ያንቺ ነው የኔ?» ይላታል። ከኢንሹራንሱ ጋር የተጣላ የሷ፣ ክፍያው ያለቀለት የሱ ነው። አንዳንዴ የቱ እንደሆነ አይታወቅምና ሁለቱም በር ላይ ቆመው ይተያያሉ።

ባለፈው የጾም ዓርብ፣ የመንደሩ ሰዎች ቤተ ክርስቲያን በሥጋ ፈንታ ለዓሣ ጥብስ ተሰብስበን ሳለ፣ ከቴክሳስ የመጣ የአንዱ ጎረቤት አማች ክሎቪስን «ሚስትህ ሥራዋ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀው። ክሎቪስ ወንበሩን አስጠግቶ ይገልጽለት ገባ፤ ነፋስን እንዴት ከውሃ እንደምትለይ፣ ቤት እንዴት እንደምታናግር፣ ኩባንያዎቹ ስሟን ሲሰሙ እንዴት እንደሚንቀጠቀጡ። ኦዴሊያ ሹካዋን አንስታ ታዳምጣለች። እንዲህ አይደለም ልትል አፏን ከፈተች። እንዴት እንደሆነ ግን ለመናገር አንዲት ቃል አላገኘችም። አማቹ ዞሮ «እውነት ነው?» አላት።

«ዓሣህ ሳይቀዘቅዝ ብላ» አለችው።